ሬሊን የምታነበው መንገድ

በጉዟችን በሲድኒ በኩል ማለፍን የሸሸሁት በመኪናው ብዛት ነው ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ውሸት ነው። ሲድኒን የሸሸሁት ልጄ ጃኔል እዚያ ስላለች ነው። ጃኔል ነርስ ናት፤ ከመኪናዬ ወርጄ ሦስት እርምጃ ስራመድ ብታየኝ የቀኝ ዓይኔ እንዳለቀለት፣ ግራውም እየተከተለው እንደሆነ ወዲያው ታውቅብኝ ነበር። ታውቅና ቁልፌን ትቀማኛለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ አንዲት ስፖኪዮ ያልጫርኩ ሰው ነኝ። ቁልፌን ከምትቀማኝ እጄን ብትቆርጠው ይሻለኛል።

ከፋሲካ በኋላ ያየችኝ የዓይን ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነችልኝም። "ኔቪል፣ ስፔሻሊስት እስኪያይዎት ድረስ መሪ እንዳይነኩ" አለችኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሬሊን የነገርኳት ግን ሌላ ነው፤ መነጽር ትቀይራለህ ተባልኩ አልኳት። በእኛ በኩል ሽማግሌ ሹፌርን ጠርቶ ዓይኑን የሚፈትን የለም፤ ራስህ ካልተናገርክ ማንም አይጠይቅህም። እኔም አልተናገርኩም።

ሕመሙ እንዲህ ነው። በቀጥታ ያየሁት ነገር ይጠፋል። እርጥብ አውራ ጣት መስታወት ላይ እንደሚተወው ያለ ግራጫ ነገር መሀሉ ላይ ይቀመጣል። ዳር ዳሩን ግን ደህና አያለሁ። የመንገዱን ነጭ መስመር፣ አጥሩን፣ ዛፉን፣ የሬሊንን ጉልበት አያለሁ። ስለዚህ ዳር ዳሩን እያየሁ መንዳት ለመድኩ። ሰው ሁሉን ይለምዳል።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ብርዱ ሲገባ በጎማ የሚሄደውን ማደሪያ ቤታችንን፣ ካራቫናችንን፣ በመኪና ጎትተን ከሸፓርተን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞቃቱ ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን። እንደ እኛ ዓይነቱ ጡረተኛ ሁሉ ከካራቫኑ ጀርባ ስማችንን በትልቁ ጽፈናል፤ "ኔቪልና ሬሊን፣ ቻናል 40"። ከኋላ የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ስማችንን አንብቦ በመገናኛ ሬዲዮ በዚያ ቁጥር ይጠራናል፤ ከፊታችን ያለውን መንገድ ይጠይቃል፤ እኛም አይተን "ነጻ ነው፣ ና" እንለዋለን። እሱ የካራቫናችንን ጀርባ እንጂ ሌላ አይታየውም፤ ስለዚህ በእኛ ዓይን ነው የሚያልፈው። አልፎም በፍሬቻው ቀኝ ግራ እያደረገ ያመሰግናል። በዚያ መንገድ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጨዋነት የለም፤ እኔም ከማንም በተሻለ እንደማደርገው ይታወቅልኛል።

የዚያን ቀን ከዌስት ዋያሎንግ የተነሳነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በጉም ውስጥ ነበር። ማደሪያችን ናራብራይ ነው፤ አምስት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር።

"ፎርብስ፣ መቶ ሦስት" አለች ሬሊን፣ ገና ከከተማው ሳንወጣ።

"ማንበብ እችላለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለማን ነው የምታነቢው?"

"ለራሴ ነው። አፌ እንዳይዝግብኝ።"

ይህ አመል መቼ እንደጀመራት አላስታውስም። ምልክት ባየች ቁጥር ታነባለች። የፍጥነት ልኩን፣ የድልድዩን ስም፣ የመጠጥ ቤቱን ማስታወቂያ ሳይቀር። አርባ አራት ዓመት አብረን ስንኖር መኪና ውስጥ ዝምተኛ ነበረች፤ በስተርጅና ራሷን ሬዲዮ አደረገች። ሌላም ያስገረመኝ ነገር ነበር። በሲድኒ አንሄድም፣ በመሀል አገር ነው የምንሄደው ስላት አንዲት ቃል ሳትከራከር እሺ አለች። ሬሊን እንኳን በመንገድ፣ በሻይ ስኳር ሳትከራከረኝ ቀርታ አታውቅም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ፎርብስ ሳንደርስ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ "ኔቭ፣ ንስር" አለች ቀስ ብላ። እኔ ምንም አላየሁም። ድምፅዋን ሰምቼ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ መሀል ጠመዘዝኩት፤ እኛ አገር በግራ ነው የሚነዳው። የሞተ ካንጋሮ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል፤ ንስሩ ሆዱ ላይ ቆሞ እየበላ ነበር። ዘግይቶ ተነሳና ክንፉ የሬሊንን መስኮት ጠረገው። ካራቫኑ ከኋላ ግራ ቀኝ ወዘወዘን፤ ከዚያ ቀጥ አለ።

"አይቼው ነበር" አልኳት።

"እህ" አለች።

ከዚያ በኋላ የመንገድ ዳር መስቀሎችንም ማንበብ ጀመረች። ሰው የሞተበት ቦታ ላይ ዘመድ የሚተክላቸው ነጫጭ መስቀሎች ናቸው፤ አንዳንዱ ላይ ኮፍያ ተሰቅሏል፣ አንዳንዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ። "መስቀል" ትላለች። ትንሽ ቆይታ "ሁለት መስቀል"። "ድካም ይገድላል፣ ቆም ብለህ እረፍ።" ደግሞ "መስቀል"።

"በናትሽ እሱን እንኳ ተይልኝ" አልኳት። ለምን እንደከበደኝ ለራሴም መንገር አልፈለግሁም።

ፓርክስን እንዳለፍን ጉሙ ተገፎ ሰማዩ ጠራ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"ኔቪል! ሬሊን! እንዴት አደራችሁ? ከኋላችሁ ያለሁት ትልቁ ቀይ ነኝ። ሲዮኔ እባላለሁ።"

"ደህና አደርክ ሲዮኔ። ምን ጭነሃል?"

"ብርቱካን ነው አጎቴ። እናንተን ስከተል እንዳይበሰብስብኝ ፈራሁ።"

ሬሊን ሳቀች። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። "ለማለፍ ነው የፈለግከው?"

"ካልከፋህ። ከፊትህ እንዴት ነው?"

አንገቴን አቀናሁ። ቀጥ ያለ መንገድ፣ መሀሉ ላይ ያ ግራጫ ነገር። ሬሊን በፊት መስታወቱ እያየች ለራሷ እንደምታወራ ሰው "እስከ እህል ጎተራው ድረስ አንድም መኪና የለም" አለች። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩ።

"እስከ ጎተራው ነጻ ነው፣ ና!"

ሁለት ተሳቢ የሚጎትት ቀይ ግንብ እያጓራ አጠገባችን መጣ፣ አለፈ፣ ቦታውን ይዞ በፍሬቻው ቀኝ ግራ አደረገ። "እግዜር ይስጥልኝ አጎቴ። እንዳንተ ጥርት አድርጎ የሚናገር አላጋጠመኝም።" ደረቴ ተነፋ። እሷ ባትናገርም እኔው አየው ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ደቦ ከተማ አደባባዩ ውስጥ ስገባ ከቀኝ የመጣ መኪና ክላክሱን አምባረቀብኝ። ፍሬኑን ረገጥኩት። ሹፌሩ መስኮቱን አውርዶ "ታውረሃል እንዴ አንተ ሽማግሌ!" ብሎኝ አለፈ። ደሜ ፈላ፤ ስድብ የማውቀውን ሁሉ ላኩበት።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ድንገት ነው የመጣብኝ" አልኳት ለሬሊን።

እጆቿ ጭኗ ላይ ተጨባብጠዋል። ቀጥሎ ያለውን ምልክት ስናልፍ "ሲድኒ፣ በቀኝ በኩል፣ አራት መቶ" ብላ አነበበች። ምልክቱ ካለፈ በኋላ አንገቷን መልሳ ወደ ኋላ አየችው።

"ጃኔል አልጋ አንጥፋ ትጠብቀን ነበር" አለች።

"ሬሊን፣ ተስማምተናል እኮ።"

"ተስማምተናል" አለች።

ጊልጋንድራ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቀዩ መኪና ቆሞ አገኘነው። ሲዮኔ በዚያ ብርድ ቁምጣ ለብሶ አግዳሚ ወንበሩን ብቻውን ሞልቶታል፤ በአንድ እጁ የሥጋ ፓይ፣ በሌላው ሌላ የሥጋ ፓይ። የቶንጋ ደሴት ሰው ነው፣ ኑሮው ግሪፊዝ ከተማ። ከካራቫናችን ላይ ስማችንን አይቶ ብድግ አለና እያነከሰች ለመጣችው ሬሊን ቦታ ለቀቀላት።

"አክስቴ፣ ነይ ተቀመጪ። እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ዳሌዬ ነው። መኪና ውስጥ ሲውል ያኮርፈኛል።"

"የእኔም ሚስት እንደዚያው ናት። ልዩነቱ ዳሌዋ ሳይሆን ራሷ ነው የምታኮርፈው።" በራሱ ቀልድ ከእኛ በላይ ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ አራት ሴቶች ልጆቹን አሳየን። እኔ ፎቶውን ወደ ጎን ያዝ አድርጌ "ታድለሃል" አልኩት። አንዳቸውንም አላየሁም። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው መኪና ነድቶ ይቺን ቀይ የራሱ ካደረጋት ሁለት ዓመቷ እንደሆነ ነገረን። ስሟን በትልቋ ልጁ ስም አውጥቶላታል። በሕጉ ገና ግማሽ ሰዓት ማረፍ ስላለበት እኛ ቀድመነው እንደምንወጣ ተስማማን።

"መቼም እደርስባችኋለሁ" አለ። "አጎቴ ነው የሚያሳልፈኝ። ሌላው ካራቫን ሬዲዮውን ለጌጥ ነው የሚሰቅለው። አንተ 'ና' ካልክ እኔ እመጣለሁ፤ እንደ አባቴ ነው የማምንህ።"

ሬሊን ስኒዋን አስቀመጠች። "ሲዮኔ፣ በራስህም ዓይን እይ እሺ?"

"አክስቴ፣ ከካራቫናችሁ ጀርባ ሆኜ ምን አያለሁ? ስማችሁን ብቻ!"

ሁላችንም ሳቅን። ሬሊን ቀድማን ሳቋን አቆመች።

ኩናባራብራን ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ሬሊን ከመኪናው መውረድ አቃታት። ፊቷ አመድ መስሏል። ሐኪሟ ያዘዘላት የሕመም ማስታገሻ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ ቀኑን ሙሉ አልዋጠችውም።

"ለምን አትውጪውም?"

"እተኛለኋ።"

"ተኚ! ማን ከለከለሽ?"

"አንተስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? ከዚህ ወዲያ ጫካውን መሰንጠቅ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መኪና የለ፣ ኩርባ የለ።"

"ናራብራይ ስንደርስ እውጠዋለሁ።"

"ሬሊን፣ ስታቃስቺ ነው የሚያስቸግረኝ። በዚያ ላይ ንባብሽ። አንዴ እንኳ ጸጥ ብለን እንሂድ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ክኒኑን አውጥታ ለረጅም ጊዜ መዳፏ ላይ ያዘችው፤ ከፔርሙዙ የተረፈውን ሻይ ሰጠኋት፤ ዋጠችው። ከከተማው ስንወጣ "ናራብራይ፣ መቶ አሥራ ስምንት" አለች። የመጨረሻ ንባቧ ያ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ራሷ ወደ መስኮቱ ዘመም አለ።

መጀመሪያ ላይ ጸጥታው ደስ አለኝ። ፒሊጋ ጫካ ውስጥ ገባን፤ በግራም በቀኝም ጥቁር ጥቁር ጥድ ነው፣ ቀዩ አፈር ከሥሩ ይታያል፣ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በግንዶቹ መካከል ብልጭ ድርግም እያለች ትመታኛለች። አንድ ምልክት መጣ። ምሰሶውን አየሁት፤ ጽሑፉን ሳየው ጠፋ። ሌላ መጣ፤ እሱም እንደዚያው። ፍጥነት ቀንስ ይሁን፣ ድልድይ አለ ይሁን፣ የማውቀው ነገር የለም። ያነበበልኝ የለም። ያለፉኝን ምልክቶች መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ አንድ ስደርስ ተውኩት።

ለራሷ አልነበረም የምታነበው የሚል ሐሳብ ያን ጊዜ ብልጭ አለልኝ። ወዲያውም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የቀረን፤ ማታ እንነጋገራለን አልኩ። መኪናውን ዳር አቁሜ ልቀሰቅሳት እችል ነበር። ዳር ማቆሚያ ቦታ ሁለት ጊዜ አለፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

"አጎቴ! አልኩህ አይደል፣ ደረስኩባችሁ።"

በስፖኪዮው ጠርዝ ቀዩን አየሁት። ድምፁን ቀነስኩት፣ ሬሊን እንዳትነቃ።

"መጣህ እንዴ ሲዮኔ።"

"አክስቴ ደህና ናት?"

"ተኝታለች።"

"ጎሽ፣ ትተኛ። ከፊትህ እንዴት ነው አጎቴ?"

አየሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ አየሁ። ቀጥታ አየሁ፣ ወደ ግራ ዘወር አድርጌ አየሁ፣ ወደ ቀኝ ዘወር አድርጌ አየሁ። መንገድ፣ ጫካ፣ ብርሃን፣ መሀሉ ላይ ያ ግራጫ። "አይታየኝም፣ ቆይ" ማለት ነበር። ሁለት ቃል ናት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ በሬዲዮው ቢወጣ በዚያ መንገድ ያለ ሹፌር ሁሉ ይሰማዋል ብዬ አፈርኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"ነጻ ነው" አልኩ። "ና።"

ቀዩ ወጣ። አጠገቤ እያጓራ መጣ፣ ጎማዎቹ ከመስኮቴ እኩል ሆኑ፤ የመጀመሪያው ተሳቢ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ያን ጊዜ ነው ከግራጫው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር የወጣው። ትንሽ መኪና ናት፣ መብራቷ በርቷል፣ እያብለጨለጨች ነው። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት፤ ሲዮኔ እንዲገባ ቦታ መስጠቴ ነው። ክላክሱ ጫካውን ሞላው። ነጭዋ መኪና ወደ ጠጠሩ ወረደች፣ ዞረች፣ ከዚያ በሲዮኔ ተሳቢ ተከልላ ከዓይኔ ጠፋች። የጥድ ግንድ ሲሰበር ሰማሁ።

ሬሊን ነቃች። "ኔቭ፣ ምን ነበር?" አለች። ወዲያው ደግሞ፣ እኔ ሳልመልስላት፣ "አምላኬ፣ ተኛሁ" አለች።

ልጅቷ ኪሪሊ ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ኩናባራብራን ሥራ ልትጀምር መሄዷ ነበር። በሕይወት አለች። ከወገቧ በታች ብረቱ ይዟታል፣ እግሮቿ አይሰሙኝም ትላለች። ሲዮኔ በተሰበረው መስኮት ግማሽ አካሉን አስገብቶ አንገቷን በሁለት እጁ ደግፎ በአገሩ ቋንቋ ዝቅ አድርጎ ይዘምርላታል። እሷ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ "መብራት አብርቼ ነበር። አብለጭልጬ ነበር። አላየኝም እንዴ?" ከአሥር እርምጃ ርቀት እሰማታለሁ። ቀርቤ ፊቷን ለማየት ሞከርኩ፤ ቀጥታ ሳያት ፊቷ ጠፋ።

አምቡላንሱ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መጥቶ ወሰዳት። ትራመድ አትራመድ ማንም አልነገረንም። ከናራብራይ የመጣው ሳጅን ሰፋ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲዮኔን ጠየቀው።

"ከመስመሬ የወጣሁት እኔ ነኝ" አለ ሲዮኔ። ከወገቡ በላይ በጠጠርና በደም ተለውሷል። "አጎቴ ያየውን ነው የነገረኝ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"በተቃራኒ መስመር እያለህ ነው የሆነው። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ።" ቀዩን መኪናውን አየው። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

ሳጅኑ ወደ እኔ መጣ። ስሜን ከካራቫኑ ላይ አንብቦ ነበር።

"ኔቪል፣ እርስዎ ነጻ ነው ብለውታል?"

"ብዬዋለሁ።"

"መኪናዋን ያኔ አላዩዋትም?"

ወደ ተሰበረው ጥድ ዞርኩ።

"ይገባኛል" አለ፣ እየጻፈ። "ነጭ መኪና፣ ፀሐዩ በግንዶቹ መካከል እየተቆራረጠ ነው። እዚህ ቦታ ላይ በዚህ ሰዓት ማንም ሰው አያይም። እንዲህ ብዬ ብጽፈው ልክ ነው? የመንገዱ ብርሃን ስለከለከለዎት ብዬ?"

እንዲህ ነው የቀረበልኝ፤ ማንኪያ ላይ ተደርጎ። አዎ ብል ቁልፉ ከእኔ ጋር ይቀራል፤ ሲዮኔ ጥፋቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ልጅቷም የተጎዳችው በፀሐዩ ነው ይባላል። ሬሊን የመኪናውን በር ተደግፋ ቆማለች። ቀኑን ሙሉ ያነበበችልኝ ሴት አሁን ምንም አታነብልኝም።

ሲዮኔ መንገዱ ዳር ተቀምጦ እጁን በውሃ እየታጠበ ነበር። በዓይኔ ዳር ስለገባ ደህና አድርጌ አየሁት። ደሙ ለቅቆም መታጠቡን አላቆመም።

"ፀሐዩ አይደለም" አልኩ።

ሳጅኑ ቀና አለ።

"እኔ አላይም። መንገዱ ነጻ ይሁን አይሁን አላየሁም፣ ዝም ብዬ ነው ና ያልኩት። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ዓይን አለው ብሎ አምኖኝ ነው። መሪ አትንካ ተብዬ ነበር። ከፋሲካ ጀምሮ ቀጥታ ያየሁት ነገር ሁሉ ይጠፋኛል።" ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

ሳጅኑ ቁልፉን ተቀበለኝና ወረቀቱ ላይ "ከፋሲካ ጀምሮ" ብሎ እየደገመ ጻፈ።

"ከገና" አለች ሬሊን።

ሁለታችንም ዞርን። ከበሩ ሳትነቀል፣ እንባዋ እየወረደ፣ እኔን ሳይሆን ሳጅኑን ነበር የምታየው።

"ገና ዕለት የሥጋውን መረቅ ከሳህኑ ውጪ ጨርቁ ላይ አፈሰሰው። ሁሉም ሰው ሳቀ። እኔ ያን ቀን ነው ያወቅሁት" አለች። "ከገና ብለህ ጻፈው።"

ሳጅኑ ትንሽ አያት፤ ከዚያ የጻፈውን ሰርዞ እንዳለችው ጻፈ።